ዳማዋ እግሯን አልሰጥም አለች

ጥቅምት 14

ይድረስ ለሰዓት ሠሪው አማቼ፣

ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ደብዳቤህ ተከትሎኝ ደረሰ። አውቶቡሱ ከመነሃሪያው ሳይወጣ ሱቅህ ገብተህ ጽፈኸው መሆን አለበት፤ ወረቀቱ የሰዓት ዘይት ይሸታል። የጠየቅከኝን ሁሉ እመልሳለሁ፣ በቅድሚያ ግን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ።

ልጄን ጥዬ የመጣሁት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ሦስተኛውን በያዘችበት ሰዓት ነው። አልሄድም ብዬ ነበር። አንተና እሷ ናችሁ እንደ ጆንያ አንስታችሁ አውቶቡስ ላይ የጫናችሁኝ። ዓምና እሷን ራሷን አመማት ሲሉኝ ከዚሁ ሆስፒታል በነጠላ ጫማ ወጥቼ እንደመጣሁ ታውቃለህ። አሁን ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ፦ «እናቴ፣ ዘንድሮም ከወጡ ተመልሰው አይምጡ፤ ልብዎ ሌላ ዓመት አይጠብቅም።» ሰምቻለሁ። አንተ ደግሞ የእኔን ስማ። ልጄ አነጠሰች ሲሉኝ እወጣለሁ።

ቀዶ ጥገናው መቼ ነው ላልከኝ፣ አይታወቅም። የደም ግፊቴ ካልወረደ ቢላ አናነሳም ይላሉ። ጠዋትና ማታ ክንዴን በዚያ በሚነፋ ጨርቅ ያንቁኛል፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ከንፈራቸውን መጠው ይሄዳሉ። ፈርተሽ ይሆናል ይሉኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ፈረስ ስትገራ የኖረች ሴት አልጋ ላይ መተኛት ምኑ ያስፈራታል? ምንም አልተሰማኝም።

ወደ ዳማዋ ፈረሴ ልምጣ። ያ የሽቦ አጥር የቀደደው የኋላ እግሯ በየቀኑ ካልታጠበ ይመረቅዛል። ለብ ያለ ውኃ በጨው፣ ከዚያ ቅባቱ፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። ስታስር አትቸኩል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሌላ ፈረስ ገሪ እንዳታስገባብኝ። አንዱ በዱላ ይጀምርና የስንት ጊዜ ድካሜን በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ከእኔ ሌላ የምታውቀው ልጄን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ከበሩ እንዳታልፍ፣ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ቆማ ታዋራት፣ ይበቃል። እግር የምታነሳው አንተ ነህ። ፈረስ እንደምትፈራ አውቃለሁ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣህ ቀን ከአጥሩ በር እስከ ሳሎን ግድግዳውን ተደግፈህ ነው የገባኸው፤ ዳማዋ ግን ጋጣዋ ውስጥ ታስራ ነበር።

ስልክ አትደውሉልኝ። በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ጻፉልኝ። ልጄም በእጇ ትጻፍልኝ።

አማትህ


ጥቅምት 19

ለእማማ፣

እንዴት ሰነበቱልን? እኛ በጣም ደህና ነን። ባለቤቴ በጣም ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች። በእጇ ትጻፍልኝ ላሉት፣ እጇ ትንሽ አብጧል፣ ከእርግዝናው ነው፣ የተለመደ ነው ይላሉ። ብዕር መያዝ አስቸግሯት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። ትበላለች፣ እንቅልፍም ታበዛለች። በጣም ደህና ናት።

በአውቶቡሱ ሹፌር አፍ የላኩብኝ መልእክትም ደርሶኛል። «የእናንተን ተወው፣ የዳማዋን ግን ጆሮዋ እንኳ ሳይቀር ይጻፍልኝ» ብለዋል አሉ። እንግዲህ ጆሮዋ ይኸውልዎ። ጋጣው በር ስደርስ ወደ ፊት ቀጥ ይላል። እኔ መሆኔን ስታውቅ ወደ ኋላ ይለጠፋል። እንዳልፈራሁ እንድታውቅልኝ ፈገግ እያልኩ፣ እያፏጨሁ ነው የምገባው። «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» እላታለሁ፤ ለራሴ ሚስት እንኳ በዚያ ድምፅ ብዬ አላውቅም። ባልዲውን ሳስቀምጥ ዳሌዋን ታዞርብኛለች። በዚህ ስዞር በዚያ፣ በዚያ ስዞር በዚህ። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ጨርቁን የቀየርኩላት አንዴ ብቻ ነው፤ ያንንም ገብሷን ስትበላ ሰርቄ ነው። በማግስቱ ያንኑ ስርቆት ስሞክር በሰኮናዋ ባልዲውን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ባልዲው አሁን ባልዲ አይመስልም፤ እኔም ሰው አልመስልም።

ባለቤቴ እንዳዘዙት ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ቆማ ታዋራታለች። እሷ ባትኖር ይብስ ነበር።

እማማ፣ እኔ የምኖረው በእጄ ነው። ከአሸዋ የማይበልጥ ብሎን በወረንጦ ሳነሳ እጄ ንቅንቅ አይልም። ጋጣው ውስጥ ግን ሰውነቴ ሁሉ አይታዘዘኝም። ምን እንደማደርግ ይንገሩኝ። ስለ እኛ አያስቡ። የደም ግፊትዎ እስኪወርድ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ያስቡ።

አማችዎ


ጥቅምት 24

ይድረስ ለአማቼ፣

የባልዲውን ታሪክ ሳነብ ስለሳቅሁ ነርሷ የማለቅስ መስሏት መጣች። ለእሷም አነበብኩላት። ያቺን ፈረስ ልያት ብላለች።

መጀመሪያ ፉጨቱን ተው። ፈገግታህንም ለደንበኞችህ አስቀምጠው። ፈረስ የሰው ጥርስ አትቆጥርም። ትከሻህን ታያለች፣ አንገትህን ታያለች፣ ከሁሉ በላይ ትንፋሽህን ትሰማለች። አንተ ደግሞ ትንፋሽህን ይዘህ እንደምትገባ ሳላይህ አውቃለሁ፤ የተበላሸ ሰዓት ከፍተህ ስታይም እንደዚያው ነህ። ለሰዓቱ ምንም አይደል። እሷ ግን ሣር ስትግጥ ትንፋሹን ይዞ የሚጠጋት ፍጥረት አንድ ብቻ ነው፣ ሊዘልባት ያደባ አውሬ። ስለዚህ በሩን ከመክፈትህ በፊት ቁም። ሆድህ እስኪረግብ ድረስ ተንፍስ። ትከሻህን ጣል። ዓይኗን አትይ፣ ቀጥ ብለህም አትሂድባት፣ በጎን በጎን ተጠጋት። እጅህን ከትከሻዋ ጀምረህ በጀርባዋ፣ በዳሌዋ እያስኬድክ ወደ እግሯ ውረድ፤ መሃል ላይ አታንሳው። ጥላህ ከሄደች አትከተላት። ትመጣለች።

ሰውነቴ አይታዘዘኝም ብለሃል፤ ፍርሃት ነው። ፍራ። ፈሪ ሰው ብዙ አይታለች፣ ማንንም ገድላ አታውቅም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።

ግፊቴ አልወረደም። መድኃኒቱን ቀይረውልኛል። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ተራዋ ደርሶ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች፣ አልጋዋን ሌላ ሰው ይዞታል። የት ደረሰች ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለ ልጄ «በጣም ደህና» የሚል ሁለት ጊዜ ጽፈሃል። አንዱ ይበቃኝ ነበር። ብዕር ካስቸገራት እርሳስ ትያዝ። ሁለት መስመር ነው የምፈልገው፣ ስድብም ቢሆን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እንዳታስጠረጥረኝ።

አማትህ


ጥቅምት 30

ለእማማ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥሩ ነገር ይዤ ልጽፍልዎ ብዬ ስጠብቅ ነው።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። በሩ ላይ ቆሜ እስኪደክመኝ ተነፈስኩ። ትከሻዬን ጣልኩ። ፉጨቱን ተውኩ። አሁን አትራገጥም፤ ይልቅ ስገባ ወደ ጥጉ ትሄድና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እጄ ትከሻዋን ሲነካ ቆዳዋ ዝንብ እንዳረፈበት ይርገፈገፋል። ዳሌዋ ላይ ሳልደርስ ጥላኝ ትሄዳለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ርግጫዋ ይሻለኝ ነበር።

ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። የከብት ሐኪሙን ጠርቼው ነበር፣ እሱንም አላስጠጋችውም። ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀና በሳምንቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ነገረኝ። እስከዚያ ካልታጠበ እግሩ እንደማይድን፣ ያን ጊዜ የሚደረገው በመርፌ ማሳረፍ ብቻ እንደሆነ ጨምሮ ነገረኝ። ይህን ልጻፍልዎ አልጻፍልዎ ብዬ ብዙ አሰብኩ። የእርስዎ ፈረስ ናት፣ ሊያውቁት ይገባል አልኩ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዶሮ ስታይ መንገድ የምትቀይረዋ፣ ድርቆሽ ልታቀብለኝ መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ «ወይኔ ልጆቼ፣ ልትበላኝ ነው፣ እግሬ ከዳኝ» እያለች መንቀጥቀጥ ጀመረች። ዳማዋ ከጥጉ ተነስታ ሄደችና አንገቷን በበሩ ላይ አውጥታ ራሷን ሴትዮዋ ደረት ላይ አስደገፈች። ሴትዮዋ እያለቀሰች ግንባሯን ዳበሰቻት። እኔ በበኩሌ ቀናሁ።

ሌላም አለ። አመሻሽ ላይ በሩን ታያለች። እኔ ውስጥ ቆሜም ዓይኗ ከበሩ አይነሳም። የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ራሷን ቀና ታደርጋለች፣ ከዚያ መልሳ ትጥለዋለች። ድርቆሿንም ትታለች። ምን ማለት ይሆን?

ባለቤቴ ደህና ናት። እርሳሱን ነግሬያታለሁ፣ ሰሞኑን ትጽፍልዎታለች። ማታ ማታም እንደነገርኩዎ ደጃፉ ላይ ቆማ ታዋራታለች።

አማችዎ


ኅዳር 4

አማቼ፣

ደብዳቤህን ተቀምጬ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት።

በሩን ታያለች አልክ። ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ሰው የሚቆምላት ፈረስ በር አትጠብቅም። የምትጠብቀው መምጣት የነበረበት ሰው ስለቀረ ነው። የልጄን ኮቴ ነው የምታዳምጠው። ልጄ ጋጣው ደጃፍ ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?

ዳቦ ጋጋሪዋን ያስቀኛል ብለህ ነው የጻፍክልኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሴትዮዋ ፈራች፣ ፈራሁም አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አለቀሰች። ላይዋና ውስጧ አንድ ነው። ዳማዋም ሄዳ ደገፈቻት። ስለዚህ ከአንተ የሚያሸሻት ፍርሃት አይደለም። ትንፋሽም አይደለም፣ ትንፋሽህን አስተካክለሃል፣ ተንኮለኛ ሆነሃል፣ ለዚህ ነው የባሰባት። አንተ ትከሻህን ጥለህ፣ ድምፅህን አለስልሰህ፣ ሆድህ ውስጥ ሌላ ነገር ቆልፈህ ትገባለህ። እሷ የቆለፍከውን ምንነት አታውቅም። መቆለፉን ግን ታውቃለች። ሣሩ ሳይነቃነቅ ውስጡ አንድ ነገር እንደተኛ የምታውቀውም በዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ቤቱ ሬሳ አስተኝቶ ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር፣ ሲስቅ ሲጫወት፣ አንዷም አልቀረበችውም።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ እንደገና አወጣኋቸው። ስለ ልጄ የጻፍከው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፣ ተሸምድዶ የተጻፈ ነው። ስለ ዳማዋ የጻፍከው ግን እውነት ነው። ዋሾ መሆን አትችልበትም፣ የጆሮዋን ነገር ስትጽፍ የራስህን ሆድ ነው የጻፍክልኝ።

ልጄ የት ናት?

ሻንጣዬን አስሬአለሁ። በሚቀጥለው አውቶቡስ ልመጣ እችል ነበር፤ መልስህን ልጠብቅ ብዬ አንዱን አሳልፌአለሁ፣ ሁለተኛውን አላሳልፍም። ብትዋሸኝ እመጣለሁ። ዝም ብትለኝም እመጣለሁ። እውነቱን ብትጽፍልኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አማትህ


ኅዳር 6

እማማ፣

እዚህ ሆስፒታል ናት። በሕይወት አለች፣ ፅንሱም አለ። ሌላውን ከዚህ በኋላ ያንብቡ።

እርስዎ በሄዱ በማግስቱ ደም ታየባት። ሐኪሟ እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘች፣ ከእግሯ በኩል አልጋውን ከፍ አድርገውታል። ደሙ አንድ ቀን ይቆማል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። የፅንሱን ልብ አሰምተውኛል። ከየትኛውም ሰዓት ይፈጥናል፤ መጀመሪያ ስሰማው የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እንደዚያ ነው የሚመታው አሉኝ። ይተርፋል አላሉኝም። አይተርፍምም አላሉኝም። በየቀኑ ሱቄን ዘግቼ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ነርሶቹ ፊት ላይ የማየው ነገር ካለ ብዬ ፈልጌ ነው ክፍሏ የምገባው።

እንዳልነግርዎ ያስማለችኝ እሷ ናት። ደብዳቤ ጻፊ ስላት ምን አለችኝ፣ «ለእናቴ በእጄ አልዋሽም፣ አንተ ዋሽ።» ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን መምጣት የለብዎትም። የእርስዎን ደብዳቤ አነበብኩላት፣ ሻንጣ አስሬአለሁ የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «እናቴ ቀዶ ጥገናዋን ትታ ከመጣች፣ ከዚህ አልጋ ወርጄ መነሃሪያ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመልሳታለሁ» አለች። እማማ፣ የእርስዎ ልጅ ናት፤ ታደርገዋለች።

ስለ ዳማዋ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጋጣው ደጃፍ ነው፣ ሹፌሩ እዚያ ድረስ አመጣልኝ። ልጄ የት ናት የሚለውን ሳነብ በሩን ከፍቼ ገባሁና ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዋ ልሁን ከፊቷ አላየሁም። «ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ስለው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ፣ ቀና ስል ዳማዋ ላዬ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ፀጉሬ ውስጥ ከታለች። ተነስቼ እጄን ከትከሻዋ አስኬድኩት፣ ወረድኩ፣ እግሯን አነሳችልኝ። ግማሹን ውኃ ደፋሁት፣ ምንም አልመሰላትም። ጨርቁን ስፈታው ያየሁት ደስ አይልም። አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አስሬዋለሁ። ዛሬም ሰጠችኝ። የከብት ሐኪሙ ነገ ይመጣል፣ «ዘግይተሃል» ቢለኝስ ብዬ ተጨንቄአለሁ።

ከዚህ በኋላ የማልነግርዎ ነገር የለም። እርስዎ ግን እዚያው ይሁኑልን።

አማችዎ


ኅዳር 10

ይድረስ ለአማቼ፣

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ፣ ጫማዬን አጥልቄ። ዘበኛው መውጫ ወረቀት ሲለኝ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከዚያ ልጄ ከአልጋ ወርዳ በዚያ ጠጠር መንገድ ወደ መነሃሪያ ስትመጣ ታየኝ። ተመለስኩ። ሰዎቹ የት ሄደሽ ነበር እንኳ አላሉኝም።

በነጋታው ነርሷ ጨርቋን ይዛ መጣች። «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምንም አልል ልላት አፌን ከፈትኩና «ፈርቻለሁ» አልኳት። «ከመጣሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ። ልጄን ሳላያት እዚህ ቢላ ሥር መቅረት ነው የፈራሁት።» ተቀመጠች። ጨርቁን ሳትነፋ እጄን ይዛ ሁሉንም አዳመጠችኝ። ስንት ፈረስ እንደገራሁ፣ አንዳቸውም ፊት ዋሽቼ እንደማላውቅ፣ ሰው ፊት ግን ከመዋሸት ሌላ ሠርቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ስጨርስ ነፋችው። ወርዷል። በማግስቱም ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ አዲሱ መድኃኒት ነው የሠራው ይላል። ፈረስ ገርቶ ስለማያውቅ አልፈርድበትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሰውን ስገስጽ ኖሬ እኔው ደብቄ ተኝቼ ነበር። ይህን ለልጄ ንገራት፣ እንድትስቅብኝ።

ቀን ተቆርጦልኛል። ኅዳር 18 ጠዋት ነው። አንተን አልደብቅህም፣ ልቡ አርጅቷል፣ ሊከብድ ይችላል ብለውኛል። አሁን የምለምንህን ስማ። ቀኑን ለልጄ አትንገራት። ካለፈ በኋላ ትስማው። ያን ቀን ሙሉ እኔን ስታስብ ደሟ ቢመለስስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ለእሷ ስል ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ሆድህ ይቻለው።

ምናልባት ካልተመለስኩ ዳማዋን ለሌላ ገሪ አትስጥ። አንተው ያዛት።

አማትህ


ኅዳር 18

እማማ፣

ይህን ሹፌሩ ነገ ያደርስልዎታል። ማንበብ ካልቻሉ ያቺ ነርስ ታንብብልዎ።

የለመኑኝን አልፈጸምኩም። ልፈጽም ሞክሬ ነበር። ደብዳቤዎን ኪሴ ከትቼ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ጋጣው ገባሁ። ዳማዋ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጥጓ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቁስሉ ገና ነው፣ አንድ ቀን ማሳለፍ አልችልም። ቅባቱንም ጨርቁንም እንደያዝኩ ሆስፒታል ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኳት። ቅሬታ ካለዎት ለፈረስዎ ያቅርቡ።

እንዴት ሆነች ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። መጀመሪያ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። ሐኪሟን ልጠራ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ አለች፦ «ቀኑን ስላወቅኩት አብሬያት እፈራለሁ። ባላውቀው ኖሮ ብቻዋን ነበር የምትፈራው።» ከዚያ ወዲህ ደም አልታየባትም። ነገ አይታይባትም ማለት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። የእርስዎን ፍርሃት ስነግራት ግን እንዳሉት ሳቀችብዎት። «እማዬ ናት ይህን ያለችው?» እያለች ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

የከብት ሐኪሙ መጥቶ አይቶታል። ቀይ ሥጋ ይዟል፣ መርፌውን ከቦርሳው አላወጣም።

አሁን እርስዎ ገብተዋል። ወደዚያ ስልክ ደውዬ ጠይቄአለሁ፣ ገብተዋል፣ እስከ ከሰዓት አይወጡም አሉኝ። አትደውሉ ብለው ነበር፣ እሱንም አልፈጸምኩም። ሱቄን አልከፈትኩም። ከፍቼ ነበር፣ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን ሰጥቶኝ ክዳኑን ማንሳት ስላቃተኝ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩለት። ባለቤቴ ጋ ጠዋት ሄጄ ነበር፣ ሂድልኝ፣ ዳማዋ ጋ ሁን አለችኝ። እዚህ ጋጣው ውስጥ ገለባው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ።

እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ፣ እማማ። ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ይህን የምናገርበት አፍ አልነበረኝም፣ ከዳማዋ አብልጬ የምፈራው እርስዎን ነበር። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ እንዲህ ያለ ነገር ለማን እንደሚባል አላውቅበትም። ለልጅዎ ብዬ አይደለም የምፈራው፣ ለፅንሱም ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው።

ዳማዋ አጠገቤ ቆማለች። የታመመውን እግሯን አሳርፋ ድርቆሽ ታኝካለች። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፌ ካስቸገረዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ